ኮምፒውተሩ አጠገብ ያለው ወፍራም መዝገብ

በሰሜን ሸዋ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የገዛው ሶፍትዌር ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን ለማወቅ ኮምፒውተሩን ማስከፈት አያስፈልግም፤ ጠረጴዛውን ማየት ይበቃል። ጠርዙ ተበልቶ በፕላስተር የተለጠፈ ወፍራም መዝገብ እዚያው ተዘርግቶ፣ የዛሬው ሥራ ከነዝርዝሩ በእስክሪብቶ ተጽፎበት ከተገኘ፣ ሶፍትዌሩ ያለው በስም ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ባለጉዳዩን አስቀድማ በመዝገቡ ላይ ታሰፍረዋለች፤ ፋታ ስታገኝ ወይም የሪፖርት ቀን ሲደርስ ከመዝገቡ ወደ ኮምፒውተሩ ትገለብጠዋለች። ሥራ ያቃልላል ተብሎ የመጣው ዕቃ ሥራዋን እጥፍ አደረገባት።

ኃላፊውን ብትጠይቁት «ሠራተኛው ለውጥ አይቀበልም» ይላችኋል። ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት ደግሞ «ሥልጠና ሰጥተናል» ይላል። ሁለቱም ጥቂት እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ዋናውን ምክንያት ግን አልነኩትም። ሠራተኛዋ መዝገቡን ያልጣለችው መዝገቡ የሚችለውን ሶፍትዌሩ ስለማይችል ነው። ሶፍትዌሩ ያልቻለው ደግሞ ከመሠራቱ በፊት ቁጭ ብሎ መዝገቡን ያነበበ ሰው ስላልነበረ ነው። ሶፍትዌር ከመሠራቱ በፊት ለተጠቃሚው ምን እንደሚያስፈልገው የሚጠናበት የተጠቃሚ ፍላጎት ጥናት በየመሥሪያ ቤታችን የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥናቱ ከኃላፊው ቢሮ ይጀምርና እዚያው ያልቃል፤ ሥራው ያለው ግን መዝገብ ቤት ነው።

መዝገቡ ምን እንደሚችል በምሳሌ እንየው። የአንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የይዞታ ማኅደር እንውሰድ። በቅጹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ የባለይዞታው ሙሉ ስም፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የካርታ ቁጥር፣ አዋሳኞች፣ ግብር የተከፈለበት ዘመን። ሶፍትዌሩን የሚሠራው አልሚ እነዚህን አይቶ አምስት ሣጥን ያለው ገጽ ይሠራል። የማኅደሩ ሽፋን ላይ ግን አንድ ሰው ከዓመታት በፊት በቀይ እስክሪብቶ «ዕግድ አለበት» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ የፍርድ ቤቱን የመዝገብ ቁጥርና ቀን አስፍሯል። በሌላው ማኅደር ላይ «ለባንክ በዋስትና ተይዟል» ይላል። በሦስተኛው ላይ ደግሞ «ወራሾች አልተስማሙም፤ ዋናው ካርታ በታላቅ እህት እጅ ነው»። ይህ ሁሉ በየትኛውም ቅጽ ላይ ሣጥን የለውም። ሠራተኛዋ ግን ማኅደሩን ከመደርደሪያ ስታወርድ መጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቀዩን ጽሑፍ የማያውቅ ሶፍትዌር ዕግድ ያለበትን ቦታ ስም ለማዛወር አንዳች አያንገራግርም። መዝገቧን አልጥልም ማለቷ ታዲያ እልከኝነት አይደለም፤ ነገ ፍርድ ቤት ቀርባ የምትጠየቀው እሷ እንደሆነች ታውቃለች።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከንብረት ክፍል እናምጣ፤ ይህኛው የባሰ ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የተባለ ደረሰኝ ይቆረጣል። ደንቡ ይህ ነው፤ ሶፍትዌሩም ገቢ ያልሆነ ዕቃ ወጪ እንዳይሆን ተደርጎ ይሠራል። በተግባር ግን የጽሕፈት ወረቀት ወይም የመኪና ጎማ ገና ሞዴል 19 ሳይቆረጥለት ለአስቸኳይ ሥራ የሚወጣበት ቀን አለ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው በጊዜያዊ ወረቀት አስፈርሞ ይሰጥና ሰነዱን በማግስቱ ያስተካክላል። ሶፍትዌሩ ለዚህ በር ካልተወለት ሠራተኛው ሌላ በር ይከፍታል፤ ያልገባውን ዕቃ ገብቷል ብሎ በሐሰተኛ ቀን ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መረጃ ከወረቀቱ ያነሰ እውነት ይኖረዋል። ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው ንጹሕ ሰንጠረዥ ነው፤ ንጽሕናው ግን የተፈበረከ ነው። ይህን ያመጣው ደንቡን ብቻ ጠይቆ ሥራውን ያልጠየቀ ጥናት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው ግፊቱ ስለበረታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎት ወደ ዲጂታል እንዲገባ አቅጣጫ ሰጠ፤ በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለፋይዳ ሕጋዊ መሠረት ጣለ። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደግሞ የክልል ከተሞችንም አጓጓ። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን የዞን መምሪያዎች ጀምሮ እስከ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማና አረርቲ ድረስ ያለ ጽሕፈት ቤት ሁሉ «የራሳችን ሲስተም ያስፈልገናል» ማለት ጀምሯል። ፍላጎቱ መልካም ነው። ችግሩ «ምን ይሥራላችሁ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ላይ ነው።

አሠራሩ በአብዛኛው እንዲህ ይሄዳል። ለሶፍትዌር የተያዘው በጀት የሚለቀቀው ዘግይቶ ነው፤ ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ደግሞ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ቢጋር የሚባለው፣ የሚሠራውን ሥራ የሚዘረዝር ሰነድ ከሌላ ቢሮ በፍላሽ ይመጣል፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቀየራል። አንዳንዴም መቀየሩ ይረሳና የሌላ ክልል ቢሮ ስም ገጽ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ጨረታው ይወጣል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የገባው ቡድን ከአመራሩ ጋር በአዳራሽ ግማሽ ቀን ይወያያል፣ ቅጾቹን በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ብርዱን አማርሮ ይመለሳል። ከሳምንታት በኋላ የሚልከው የፍላጎት ሰነድ ግማሹ ከቢጋሩ የተቀዳ፣ ግማሹ ድርጅቱ ቀድሞ ለሌላ ደንበኛ የሠራው ነው።

የአዳራሹ ስብሰባ የራሱ ጣጣ አለው። የበላይ ባለበት ስብሰባ የበታች ሠራተኛ ተነሥቶ «አለቃችን የገለጹት አሠራር በመመሪያው ላይ እንጂ በተግባር የለም» ሊል አይችልም። ቢል ደግሞ ውሎ አድሮ ይከፍልበታል። ስለዚህ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ቃለ ጉባኤው «ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብሎ ይዘጋል። አልሚው የሰማው ኃላፊው ሥራው እንዴት ሊሠራ እንደሚገባ የሚያስበውን ነው። ሥራው በእርግጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁት ሰዎች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

እንግዲህ መፍትሔው ሰነዱን ማወፈር ነው የሚል ሰው ይኖራል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የምርመራ መዛግብቱን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል የተባለ ሶፍትዌር ሲያሠራ የፍላጎት ሰነዱ ከ800 ገጽ በላይ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሰረዝ 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈሶበት ነበር። ስለ ውድቀቱ የተደረገው ምርመራ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ፍላጎቱ በውል አለመለየቱና በሥራው መሐል እየተለዋወጠ መሄዱ ነው። ገንዘብም ሰውም ያልቸገረው ተቋም በዚህ ከወደቀ፣ የእኛ ወረዳ በ40 ገጽ ቅጂ ቢወድቅ አይገርምም። ገጽ መብዛቱ ጥያቄው በትክክለኛው ሰው ፊት መቅረቡን አያሳይም።

ከየት ይጀመር? ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይባላልና ሥሩ መዝገቡ ነው። ጥናቱን የሚያካሂደው ሰው ከማንም ጋር ስብሰባ ከመቀመጡ በፊት መዝገቡን ፈቃድ ጠይቆ ያንብብ። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅበትም። ሥራ ቀዝቀዝ ያለበትን አንድ ወር፣ የበጀት ዓመቱ የሚከፈትበትን ሐምሌን፣ ገበሬው ምርቱን ሰብስቦ ወደ ከተማ የሚበዛበትን የበጋ ወር መርጦ ገጽ በገጽ ይይ። ዓይኑን የሚጥለው በዓምዶቹ ላይ አይደለም፤ እነሱን ማንም ያያቸዋል። የኅዳግ ጽሑፎችን፣ የተሰረዙ መስመሮችን፣ በስፒል የተያያዙ ብጣሽ ወረቀቶችን፣ ባዶ የተተዉ ሣጥኖችን ይፈልግ። የተሰረዘ መስመር ሁሉ ሐሳብ የተቀየረበት ወይም ስሕተት የታረመበት ጉዳይ ነው፤ ሶፍትዌሩም ማረም የሚችለው ማን እንደሆነና የቀድሞው ጽሑፍ የት እንደሚቀመጥ ሊያውቅ ይገባል። ሁልጊዜ ባዶ የሚቀር ሣጥን ካለ ያ ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ መሥሪያ ቤቱም አያውቅም ማለት ነው፤ ወደ ኮምፒውተር ባይሻገር ይሻላል።

በዚህ አጋጣሚ በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ሥራ ውስጥ ስለሚደጋገም አንድ ምዕራፍ ልናገር። ተማሪው አንድ መሥሪያ ቤት ይመርጥና «ነባሩ አሠራር በእጅ የሚከናወን፣ ጊዜ የሚያባክን፣ ወረቀት የሚያበዛና ለስሕተት የተጋለጠ ነው» ብሎ ይጀምራል። ዓረፍተ ነገሩ በሁሉም ጽሑፍ ላይ ያው ነው፤ ሆስፒታልም ይሁን ቤተ መጻሕፍት፣ ገቢዎችም ይሁን ትምህርት ቤት። ነባሩን አሠራር ሳያነቡ መኮነን የጥናት መግቢያ ሆኖ ተለመደ። ያ ተማሪ ተመርቆ አልሚ ሲሆን ልማዱን ይዞት ይሄዳል። ለሠላሳ ዓመት ያህል ያለ መብራት፣ ያለ ኔትወርክና ያለ ሥልጠና የሠራ መዝገብ ቢያንስ አንድ ቀን ሊነበብ የሚገባው ሥራ ነው።

ከንባቡ በኋላ መስኮቱ አጠገብ መቀመጥ ይመጣል። በተለይ በገበያ ቀን። የገጠሩ ባለጉዳይ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ስለሆነ ሁለቱን ጉዳይ አንድ ላይ ይጨርሳል፤ በዚያ ቀን ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ያለው ሰልፍ ከሌላው ቀን ጋር አይወዳደርም። ሶፍትዌሩ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ማስተናገድ እንዳለበት የሚለካው በዚያ ቀን እንጂ በወር አማካይ አይደለም። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠ አጥኚ ሌላም ያያል፦ ሠራተኛዋ በየስንት ደቂቃው ተነሥታ ወደ ሌላ ቢሮ እንደምትሄድ፣ ለማን እየደወለች ምን እንደምታረጋግጥ፣ ከመሳቢያዋ የምታወጣት ትንሽ የግል ደብተር ምን እንደያዘች። ያቺ የግል ደብተር በብዙ መሥሪያ ቤት አለች። ይፋዊው አሠራር የረሳው ሁሉ እዚያ ውስጥ ተመዝግቧል።

ከዚያ ጥያቄ። አጠያየቁ ወሳኝ ነው። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩትን ሴት «እትዬ፣ ሲስተሙ ምን እንዲያደርግልዎት ይፈልጋሉ?» ቢሏቸው «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ እናንተ የተማራችሁት ታውቁታላችሁ» ይላሉ፤ ነገሩ እዚያ ይዘጋል። «ትናንት ከመጡት ባለጉዳዮች በጣም ያደከመዎት የቱ ነው?» ቢሏቸው ግን ወሬው ይጀምራል። ማኅደሩ በእናቱ ስም ተከፍቶ በአባቱ ስም ሲፈለግ ስለዋለ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ስለተሰጠ ቁጥር፣ የአለቃ ፊርማ ስትጠብቅ ስለመሸባት አራስ ይነግሩዎታል። በዚህ ወሬ ውስጥ ያለው ፍላጎት በአዳራሽ ከሚሰበሰበው ይበልጣል። ሰነዱ ላይ «እንዲህ ተባለ» ተብሎ ስም መጠቀስ የለበትም፤ የሥራ መደቡ ይበቃል። ሠራተኛው የተናገረው ነገ ከአለቃው ጋር እንደማያጋጨው ካላመነ የሚናገረው የመመሪያውን ቃል ነው።

ከቦታው የሚመጡ ፍላጎቶችም አሉ፤ ከውጭ የተቀዳ ሰነድ አያውቃቸውም።

የዘመን አቆጣጠሩ አንዱ ነው። ዓመታችን 13 ወር ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት 12 ሰዓት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ቢሆንም ጳጉሜን 3 የተወለደን ሕፃን አልመዘግብም የሚል ቅጽ ዛሬም ይሠራል። ጳጉሜን በ2011 እና በ2015 ዓ.ም. 6 ቀን ነበራት፤ በ2019 ዓ.ም. እንደገና 6 ትሆናለች። ዘንድሮ የሚጻፍ የፍላጎት ሰነድ ያቺን ቀን በስሟ ጠርቶ መፈተኛ ሊያደርጋት ይገባል። «ሲስተሙ የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ይደግፋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አይበቃም፤ ቀኑ የሚቀመጠው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ የሚታየው በየትኛው እንደሆነ፣ ሪፖርቱ ከየት እስከ የት እንደሚደመር መለየት አለበት።

የስም ፍለጋ ሌላው ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል አንዲት ሴት በ12 ዓይነት አጻጻፍ ልትመዘገብ ትችላለች። ማኅደሩን በ1998 የከፈተው ጸሐፊ በአንዱ ጻፈ፣ የዛሬዋ ሠራተኛ በሌላው ትፈልጋለች፤ ሶፍትዌሩ «የለም» ይላል። ሠራተኛዋ አዲስ ማኅደር ትከፍታለች። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ። የፋይዳ ቁጥር ይህን ወደፊት ሊያቃልል ይችላል፤ የትናንቶቹ ማኅደሮች ላይ ግን የፋይዳ ቁጥር የለም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚለውን ሥርዓታችንን ትቶ «የቤተሰብ ስም» የሚጠይቅ ገጽ ስለሚያመጣው ጣጣ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሁሉም ደርሶበታል።

መብራትና ኔትወርክ፤ ይህ በየቢጋሩ «አስተማማኝ መሆን አለበት» በሚል ሐረግ ይታለፋል። የዞኑ መልክዓ ምድር ግን ሐረግ አይበቃውም። ከመንዝ ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ከደሴው አውራ መንገድ ዳር ካሉ ከተሞች ከመንገዱ ርቀው እስካሉ ወረዳዎች ሁኔታው ይለያያል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ያለ ኢንተርኔት አንድ እርምጃ የማይሄድ ሲስተም በዚያ ጊዜ ለማንም አይበጅም ነበር። ስለዚህ ሰነዱ በግልጽ ይጠይቅ፦ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የትኛው ሥራ ይቀጥላል? የትኛው ይቆማል? ሲመለስ ሁለት ቢሮዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የተለያየ ነገር ጽፈው ቢገኙ የማን ይጸናል? «ሲስተም የለም» ተብሎ ባለጉዳይ የሚመለስበት ቀን ከመምጣቱ በፊት መልሱ በጽሑፍ መኖር አለበት።

ከዚህ የከበደም አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተደጋጋሚ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነድም አብሮ ጠፍቷል። በሌላ አገር የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ የባለሙያዎች ጉዳይ ተደርጎ በሰነዱ መጨረሻ ይቀመጣል። በእኛ ዞን የመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጥ ያለበት ነው። ቅጂው በየስንት ሰዓቱ ይወሰዳል? የሚቀመጠው ከከተማው ውጭ የት ነው? ቢሮው ቢወድም በሌላ ከተማ ሥራ የሚያስጀምረው ማን ነው? ሁሉም ቢጠፋ ባለጉዳዩ በእጁ ያለው ወረቀት በምን ሥርዓት መልሶ ይመዘገባል? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልሰው ሶፍትዌር አይደለም፤ ደንብ ነው። ጥናቱ ግን ጥያቄውን ያነሣዋል።

የተሰበሰበው ሁሉ መጻፍ አለበት፤ አጻጻፉ ደግሞ ለክርክር በር የሚዘጋ እንዲሆን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2018 የታደሰው አይኤስኦ 29148 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ፍላጎት አንድ ነገር ብቻ የሚል፣ አሻሚ ያልሆነና የሚረጋገጥ እንዲሆን ይጠይቃል። በየቢጋሩ የምናየውን «ሲስተሙ ፈጣን፣ ዘመናዊና ለአጠቃቀም ምቹ መሆን አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው ምንም አይመዝንም። በርክክብ ቀን አልሚው «ፈጣን ነው»፣ ተረካቢው «አይደለም» ቢሉ ማን ይዳኛል? በአንጻሩ እንዲህ ብለን እንጻፍ፦ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የባለጉዳዩን ስምና የአባት ስም ተመሳሳይ ድምፅ ባላቸው በየትኞቹም ፊደላት ብትጽፍ፣ ሲስተሙ ማኅደሩን በ5 ሰከንድ ውስጥ ያሳያል።» ከሥሩ ምክንያቱ ይጻፍ፦ «በተለያየ አጻጻፍ ምክንያት ለአንድ ሰው ሁለት ማኅደር እየተከፈተ ነው።» ከዚያ የተገኘበት ምንጭ፦ «የመዝገብ ቤት ምልከታ፣ የገበያ ቀን።» ከዚያ መፈተኛው፦ «በ12ቱም አጻጻፍ ይፈለጋል፤ በሁሉም አንድ ማኅደር መገኘት አለበት።» ቁጥር ተሰጥቶት ብቻውን ይቆማል። ይህን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ መጻፍም አለበት። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተዘጋጀ እትዬ የነገሩን ነገር በትክክል መጻፉን ራሳቸው አንብበው ሊያረጋግጡ አይችሉም።

ከአራቱ፣ ከፍላጎቱ፣ ከምክንያቱ፣ ከምንጩና ከመፈተኛው፣ ይበልጥ ዋጋ ያለው ምክንያቱ ነው። ኃላፊዎች ይቀያየራሉ፤ አዲሱ ኃላፊ መጥቶ «ይህ ለምን ተሠራ? እኔ እንዲህ አላዘዝኩም» ይላል። ምክንያቱ ያልተጻፈ ፍላጎት ከኃላፊው ጋር አብሮ ይሻራል። የተጻፈ ከሆነ ግን አዲሱ ሰው ምክንያቱ ዛሬም መኖሩን ጠይቆ በቃለ ጉባኤ ይለውጠዋል፤ ለውጡም ቀንና ዋጋ ይኖረዋል። መመሪያም ይቀየራል፣ የአገልግሎት ክፍያም ይቀየራል። ክፍያው በተሻሻለ ቁጥር አልሚውን ከአዲስ አበባ መጥራት የሚያስፈልግ ከሆነ ጥናቱ አንድ ነገር ረስቷል ማለት ነው።

ማን ምን ማየት ይችላል የሚለው ጥያቄም ከእንግዲህ በትሕትና የሚታለፍ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን መክፈል ስለማይችሉ መንግሥት የሚከፍልላቸው ቤተሰቦች አሉ። የእነሱ ዝርዝር በጤና ጣቢያው መስኮት ላይ ላለው ሁሉ መታየት አለበት? የከፈለውና የተከፈለለት በካርዱ ላይ መለየት አለባቸው? ለሕክምናው አያስፈልግም። ለሒሳቡ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያመጣው ጥያቄ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በጥናት ሰነድ ውስጥ የማይጻፈውን ልበል። ፍላጎት ስንሰበስብ ሁሉም ሰው ሲስተሙ እንዲሠራ ይፈልጋል ብለን እንነሣለን። እንዲህ አይደለም። ተራው በኮምፒውተር ከተያዘ ተራ ማስቀደም የለም። ማኅደሩ የት ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደተኛ ከታየ «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ባለቤት ይኖረዋል። ከዚህ የሚጎዳ ሰው ጥናቱን በግልጽ አይቃወምም፤ ቅጽ ያዘገያል፣ ስብሰባ ይቀራል፣ «ይህን መመሪያው አይፈቅድም» ይላል። አጥኚው የመመሪያውን አንቀጽ በትሕትና ይጠይቅ። አንቀጹ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አንዳንድ ጥናት ሲያልቅ ደግሞ ሶፍትዌር አያስፈልግም የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል፤ ይህን ለማለት የሚደፍር አጥኚ ብርቅ ነው፣ ክፍያው ከልማቱ ጋር ስለተሳሰረ። ከአንኮበር ወይም ከሚዳ ወረሞ ተነሥቶ ዞን የመጣ ሰው አንድ ፎቶ ኮፒ ጎደለህ ተብሎ ሲመለስ ያጠፋው ቀን በኮምፒውተር እጥረት የመጣ አይደለም። የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች ዝርዝር በወረዳው ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ቢለጠፍ፣ መስኮቱም ሁሌ ያንኑ ቢጠይቅ፣ ያ ጉዞ ይቀር ነበር። ይህን ሳያደርጉ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር አውጥቶ ያንኑ ግራ መጋባት በስክሪን ላይ ማሳየት፣ ከዚያም አልሠራም ሲባል ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሁለተኛ ምዕራፍ ማስጨረት የተለመደ ሆኗል።

ስለዚህ ጥናቱና ልማቱ በአንድ ውል መታሰር የለባቸውም። መጀመሪያ ጥናቱ በአነስተኛ ውል ይሠራ፤ ሰነዱ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ይሁን፤ ጨረታው የሚወጣው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ይሁን። ተወዳዳሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ስለሚተምኑ ዋጋቸውን ማወዳደር ትርጉም ይኖረዋል። አጥኚው ከልማቱ ጨረታ ውጭ ከሆነ ደግሞ «አያስፈልጋችሁም» ለማለት አይፈራም።

የዞኑ ወረዳዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ቅጽ፣ አንድ ዓይነት መመሪያ፣ ያንኑ ሞዴል 19 ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ወረዳ ለየብቻ ቢጋር ከሚያስገለብጥ፣ አንድ ደጋ፣ አንድ ቆላ፣ አንድ ከአውራ መንገድ የራቀ ወረዳ ተመርጠው በደንብ ቢጠኑ፣ የቀሩት የሚለዩበትን ብቻ ይጨምሩበታል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ፤ የኮምፒውተር ዘርፍ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ አንድ ወር መስኮት አጠገብ ቢቀመጡ የሚያመጡት ጽሑፍ ያንን የተለመደ መግቢያ አይደግምም። የሚቀረው ገንዘቡ ነው። ለዕቃ፣ ለሶፍትዌርና ለሥልጠና የሚጠየቅ በጀት የተለመደ ነው፤ ሦስት ሰው ለሁለት ወር መዝገብ እንዲያነብ ተብሎ የተጠየቀ በጀት ግን እስካሁን አላየሁም። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በሚያዝያና በግንቦት ሲዘጋጅ ይህ መስመር ካልገባ፣ ሐምሌ ሲብት ቢጋሩ እንደገና በፍላሽ ይመጣል።